ከመጽሐፍ ባልንጀራ ጋር የተማርኩበት የኢየሩሳሌም ዓመት

በመጀመሪያው ቀን ያስገረመኝ ጫጫታው ነበር። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቃል ሳልተነፍስ ማንበብ ለምጄ ስለነበር፣ በኢየሩሳሌም፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ የሚጠናበት አዳራሽ፣ ቤት ሚድራሽ የሚሉት፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሲጮኽ ሳገኘው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በጣታቸው መስመሩን እየጠቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ፤ ማንም ማንንም ዝም በል አይልም። ጥቂት ቆይቼ ግን ድምፁ ከዚህ በፊት የማውቀው ድምፅ መሆኑ ገባኝ። ልጅ ሳለሁ በጎንደር ዙሪያ በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት፣ አንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ከወዲያ ደግሞ የዜማ ተማሪዎች ቀለም ሲቀጽሉ፣ ሁላችንም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር እንውል ነበር። ዝምታን የተማርኩት በኋላ፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው።

ይህን የምጽፈው የግእዝ ወይም የታሪክ ትምህርታቸውን ጨርሰው የአይሁድን መጻሕፍት ከምንጫቸው ለመማር ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ ተማሪዎች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ ነው። እኔ የቆየሁት አንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ስለሆነ የምናገረው በዚያ መጠን የደረስኩበትን ነው። ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነኝ፤ የሄድኩትም ብሉይ ኪዳን ብለን የምናነበውን መጽሐፍ፣ መጽሐፉ የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ እንዴት እንደሚያነበው ለማወቅ ነበር። ስሄድ ትልቁ እንቅፋት ቋንቋው እንደሚሆን ገምቼ ነበር፤ ትልቁ እንቅፋት ግን ታላቅ ሰው የተናገረውን ሁሉ በእሺታ የመቀበል ልማዴ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ቋንቋው አስቀድሜ ልናገር። ትምህርቱ የሚጀመረው የመስከረምና የጥቅምት በዓላት ካለፉ በኋላ ስለሆነ፣ አብዛኛው የውጭ ተማሪ በክረምት ቀደም ብሎ ሄዶ ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ይገባል። ግእዝ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ይልቅ ይቀልለዋል። የቤት ሚድራሹ ዋና ቃል «ሐቭሩታ» ነው፤ ሁለት ሆኖ መማርን፣ እንዲሁም አብሮ የሚማረውን ባልንጀራ ያመለክታል፤ ሥሩም ከእኛ «ኅብረት» ጋር አንድ ነው። «ታልሙድ» የሚለው ስም መማር ከሚለው የዕብራይስጥ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡ የእኛው «ለመደ» ዘመድ ነው። የመጽሐፍ ፍቺ የሚባለው «ሚድራሽ» ደግሞ ከ«ድርሰት» ጋር ይዛመዳል። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፤ ነገር ግን ዝምድናው ያታልላል። ዳቦ የሚባለውን «ሌሔም» በድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ የግእዙ «ላህም» መስሎኝ፣ በአንድ የትርጉም ፈተና ላይ ላም ያልነበረችበት ገበታ ላይ ላም አስቀምጫለሁ። ስለዚህ ግእዙ የሚያግዛችሁ ቃሉን ለማስታወስ እንጂ ትርጉሙን ለመገመት እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ዕብራይስጥ ከተለመደም በኋላ ሌላ ዳገት አለ። ታልሙድ ሁለት ንብርብር አለው፤ በ200 ዓ.ም. ገደማ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ያሰባሰበው የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሚሽና የሚባለው፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የተካሄደው የሊቃውንት ክርክር፣ ገማራ የሚባለው፣ በአብዛኛው አራማይክ ነው። የባቢሎኑ ታልሙድ 2,711 ቅጠል አለው፤ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚያነቡ ሰዎች ለመጨረስ 7 ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል። ገጹ ራሱ መልክአ ምድር አለው፤ መካከሉ ላይ ሚሽናውና ገማራው ይቆማል፣ በመጽሐፉ መገጣጠሚያ በኩል የፈረንሳዩ ሊቅ የራሺ ማብራሪያ ይወርዳል፣ በውጭው ጠርዝ በኩል ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ቶሳፎት በሚባለው ጽሑፍ ይሞግቱታል። ከ1040 እስከ 1105 የኖረው ራሺ፣ ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበሩት የባቢሎን ሊቃውንትና ከእርሱ በኋላ የመጡት የልጅ ልጆቹ በአንድ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። በገማራው ውስጥ አናባቢ ምልክት የለም፤ ነጥብም የለም፤ ጥያቄው የት አልቆ መልሱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው አንባቢው ነው። በአዲን ስታይንሳልትስ የተዘጋጀው እትም አናባቢና የዕብራይስጥ ትርጉም ስላለው ለጀማሪ ይረዳል፤ ሰፋሪያ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍትም ሁሉም ይገኛል።

እነዚህ መርጃዎች መጀመሪያ ላይ ጎድተውኛል። ሌሊት ብቻዬን በስልኬ ትርጉሙን አንብቤ፣ መልሱን አውቄ ጠዋት እመጣ ነበር።

የተመደቡልኝ የመጽሐፍ ባልንጀራ ከአርጀንቲና የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ሐኪም ነበሩ። ከአባቴ ይበልጣሉ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ለታላቅም ለታናሽም «አታ» ነው፣ ይኸውም የእኛው «አንተ»። ከአፌ ሊወጣልኝ ስላልቻለ ለሁለት ሳምንት ያህል ግሡን እየዘለልኩ፣ «ይህ እንዴት ይነበባል?» እያልኩ ብቻ አለፍኩ። ከአጠራሩ የባሰው ግን አለመቃወሜ ነው። እሳቸው አንድ አንቀጽ አንብበው ሐሳባቸውን ሲናገሩ «ልክ ነዎት» እላለሁ፤ ሌላ ሲሉም «እሱም ልክ ነው» እላለሁ። እኔ ይህን ያደረግኩት በአክብሮት ነበር።

ስንጀምር የያዝነው ባቫ መጺዓ የሚባለውን ክፍል ነው። የመጀመሪያው የሚሽና አንቀጽ እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል፦ ሁለት ሰዎች አንድ መጎናጸፊያ ይዘው ዳኛ ፊት ቀርበዋል፤ አንዱ «እኔ አገኘሁት፣ ሙሉው የእኔ ነው» ይላል፤ ሌላውም «እኔ አገኘሁት፣ ሙሉው የእኔ ነው» ይላል። ፍርዱ፣ እያንዳንዳቸው በውስጡ ያላቸው ድርሻ ከግማሽ እንደማያንስ ምለው ይካፈሉ የሚል ነው። እኔ ትርጉሙን ሌሊት ስላነበብኩት በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ገብቶኛል፣ እንቀጥል» አልኩ። እሳቸው መጽሐፉ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «የገባህ ምኑ ነው? ሰውዬው የጠየቀው ሙሉውን ነው፤ የሚሰጡት ግማሹን ነው፤ ታዲያ ለምን በዚህ ጠማማ አነጋገር ይምላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸዋል፣ መሐላ ምን አስፈለገ ብዬ ነበር የማስበው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ቆየን። ሙሉው የእኔ ነው ብሎ ቢምል፣ ፍርድ ቤቱ ግማሹን ብቻ ሲሰጠው መሐላውን ያላመነ ይመስላል። ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ቢምል ደግሞ በመጀመሪያ ሙሉው የእኔ ነው ያለውን በገዛ አፉ ያፈርሳል። «ከግማሽ የማያንስ ድርሻ አለኝ» ሲል ግን ንግግሩም አይፈርስም፣ የሚወስደውም ከመሐላው ጋር ይስማማል። ገማራው ይህንኑ ጥያቄ ከጥቂት ገጾች በኋላ ያነሳዋል፤ እኔም ሌሊት በትርጉም አንብቤው ነበር። ያነበብኩት ግን የሌላ ሰው መልስ ስለሆነ ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ አላወቅኩም። በዚያን ቀን በራሳችን ድካም መልሱ ጫፍ ላይ ስንደርስና በኋላ ገጹ ላይ ስናገኘው፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የነበረ ሰው ከጎናችን የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉም ማየትን ለመጨረሻ አደረግሁት፤ መጀመሪያ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ቀጥሎ ራሺን፣ ስንጣላ ብቻ ትርጉሙን እንከፍታለን።

ወደ አንቱታው ጉዳይ ስመለስ፣ በኅዳር አጋማሽ ላይ ባልንጀራዬ ሌላ ገጽ አውጥተው በዚያው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ አስነበቡኝ። ረቢ ዮሐናን የጥብርያዶስ ታላቅ ሊቅ ነበር፤ የትምህርት ባልንጀራው ሬሽ ላኪሽ ሞተበትና እጅግ አዘነ። ሊቃውንቱ እንዲያጽናናው ረቢ ኤልዓዛር ቤን ፔዳት የሚባል ስለታም ተማሪ ላኩለት። ይህም ተማሪ ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር «የሚደግፍህ ቃል አለ» እያለ ማስረጃ ያቀርብለታል። ረቢ ዮሐናንም፣ አንተ እንደ ሬሽ ላኪሽ ነህን? እሱ እኮ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያነሳብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፣ በዚያም ነገሩ ይሰፋ ነበር፤ ልክ መናገሬን እኔ ራሴ የማላውቅ ይመስልሃል? ብሎ አለቀሰ። ባልንጀራዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በየቀኑ ልክ ነህ ትለኛለህ፤ እኔ ግን የመጣሁት ከአንተ ይህን ለመስማት አይደለም» አሉኝ። አፈርኩ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «አታ» ብዬ ጠራኋቸው፤ ቀጥዬም ባነበቡት መስመር ላይ አልስማማም አልኩ። ተቃውሞዬ ደካማ ነበር፤ በሁለት ደቂቃ አፈረሱት፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

በእርግጥ የእኛም ሊቃውንት ይህን ያውቁታል። አንድ ቃል ተነሥቶ «አንድም» ሲባል፣ እንደገናም «አንድም» ሲባል የሰማ ሰው፣ በሚድራሽ ውስጥ «ዳቫር አሔር»፣ ማለትም ሌላ ነገር፣ ሌላ ፍቺ፣ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ይነቀፋል፣ ይታረማል። ልዩነቱ የኛ ተማሪ ከመምህሩ ተቀብሎ መያዙ የሚበልጥ መሆኑ ይመስለኛል፤ በዚያ ግን መምህሩ ገና ሳይናገር ሁለቱ ተማሪዎች ከጽሑፉ ጋር ብቻቸውን ይተዋሉ። ሁለቱንም ያየ ሰው አንዱን ለማንኳሰስ አይቸኩልም፤ እኔ ገጹን በቃሌ መያዝ የቻልኩት በየኔታ እግር ሥር ስላደግኩ ነው፣ ባልንጀራዬም በዚህ ይደነቁ ነበር።

ከትምህርቱ ውጭ ያለው ኑሮ ደግሞ ሌላ ገማራ ነው። የምኖረው ሃይማኖቱን በጥብቅ ከሚጠብቅ ተማሪ ጋር ወጥ ቤት እየተጋራሁ ነበር። ለልደት በዓል ዶሮ ወጥ ልሠራ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ እናቴ የላከችልኝን ቅቤ አወጣሁ፤ ዶሮዋን በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ሥጋ ከሚሸጥበት ከኮሸር ሥጋ ቤት ስለገዛኋት ሁሉን ያስተካከልኩ መስሎኛል። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን ጨምሬ፣ ሁለት ማንኪያ ቅቤ በእሱ የሥጋ ድስት ውስጥ ጣል ሳደርግ ገባ። አልጮኸም፤ ቅቤውን አይቶ፣ ድስቱን አይቶ፣ በቀስታ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በኦሪት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጻፉንም አውቃለሁ። ያ ቃል ግን ሥጋና የወተት ነገር የማይገናኙበት ድስት ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ይቅርታ ጠይቄ ድስቱን ልገዛለት ብዬ ነበር፤ እሱ ረቢውን ጠይቆ፣ ድስቱ ብረት ስለሆነ ታጥቦ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ በፈላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንደገና እንደሚሠራበት ነገረኝ። የእንጨት ማማሰያውን ተካሁለት። በማግስቱ ለባልንጀራዬ ስነግራቸው ሳቁና ሑሊን የሚባለውን ክፍል አወጡ። እዚያ ውስጥ ረቢ አኪቫ የወፍ ሥጋ ክልከላው ከኦሪት አይደለም ይላል፤ የገሊላው ረቢ ዮሴ ደግሞ በእናቱ ወተት ስለተባለ የእናት ወተት የሌላት ወፍ ከክልከላው ውጭ ናት ይላል፤ በእሱ አገርም የዶሮ ሥጋን ከወተት ጋር ይበሉ ነበር። ሕጉ በኋላ የጸናው እንደ እሱ አይደለም። ቢሆንም የእኔ ዶሮ ወጥ ሊቃውንት የተከራከሩበት ነገር ሆኖ ሳገኘው፣ ያንን ገጽ አብሮኝ ለሚኖረው ተማሪ ወስጄ አሳየሁት፤ እሱም አብሮኝ ተቀምጦ አነበበው፤ ከዚያ ወዲህ አርብ ማታ ከገበታው አልቀረሁም።

ስለ ምግብ ሌላ የማይነገር ነገር አለ፤ ለሚጾም ሰው ይጠቅማል። «ፓርቭ» ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ ስለዚህ ለረቡዕና ለዓርብ ጾም የተዘጋጀ ይመስላል። እንቁላልና ዓሣ ግን ፓርቭ ናቸው፤ ዳቦና ኬክ ላይ ፓርቭ የሚለውን አይታችሁ ብቻ አትግዙ፣ የተሠራበትን አንብቡ። አርብ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ አውቶቡስም ባቡርም ይቆማል፤ ፀሐይ ከመጥለቋ 40 ደቂቃ በፊት በከተማው ላይ የሰንበት መግቢያ ጡሩንባ ይነፋል። በሰንበት ሰው ቤት ስትጋበዙ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፣ መብራት አትንኩ። ገንዘብን በተመለከተ፣ የተፈቀደልኝ የትምህርት ድጎማ ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ስለደረሰኝ ከሰው ተበድሬ ነው የከረምኩት፤ ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ለእሑድ ቅዳሴ በሐበሻ ጎዳና ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለች። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ዕብራይስጥን የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ይገኛል፤ ከቅዳሴ ስወጣ ሁልጊዜ ቆም ብዬ አየው ነበር።

በኅዳር ወር ባልንጀራዬን ይዣቸው ወደ ስግድ በዓል ሄድኩ። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከዮም ኪፑር፣ ከማስተሰረያው ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ቄሶቹ ጃንጥላ ተይዞላቸው ከኦሪት በግእዝ ያነባሉ፤ ከዚያም በአማርኛና በትግርኛ ይተረጉማሉ። ባልንጀራዬ በጆሮዬ «ምን አሉ?» እያሉ ጠየቁኝ፤ እኔም መስመር በመስመር ወደ ዕብራይስጥ መለስኩላቸው። በቤት ሚድራሹ ሁሌም ተከታይ የነበርኩት ሰው በዚያች ቀን መሪ ሆንኩ። ጥያቄያቸው ግን አላለቀም፦ «ቄሱ ሲተረጉሙ የጨመሩት ነገር አለ? የት ላይ?» አሉኝ። አለ ወይ ብዬ ማዳመጥ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ በእውነትም ቄሱ አንዱን ቃል በሁለት ቃል ሲፈቱት ሰማሁ።

እዚያ የተዋወቅኳቸው እናት ወደ ቤታቸው ጠርተው ቡና አፈሉልኝ። «ልጄ፣ እኛ ታልሙድ አናውቅም ነበር፤ ኦሪትን በግእዝ ነው የያዝነው» አሉኝ። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ይህን እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ፤ በቤት ሚድራሽ የሚጠናው የአይሁድ ንባብ ሁሉ ማለት አይደለም፤ ያለ ታልሙድ ለዘመናት ሰንበትን የጠበቁ፣ ስለ ኢየሩሳሌም የጾሙና የሰገዱ ሰዎች በዚያችው ከተማ አሉ፣ ቋንቋቸውም ቋንቋችን ነው። «ፈላሻ» የሚለው ስም እንደሚያማቸው አውቃችሁ ቤተ እስራኤል በሏቸው፤ ጊዜ ካገኛችሁም ከአዛውንቶቻቸው ዘንድ ተቀምጣችሁ ስሙ። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በመሄዴ አሁንም ይቆጨኛል።

ከተመለስኩ ወዲህ ከባልንጀራዬ ጋር እሑድ ማታ በስልክ ቪዲዮ እንቀጥላለን። አሁን የባቫ መጺዓ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነን፤ ተበትኖ የተገኘ ገንዘብ ለአግኚው የሚሆነው ባለቤቱ ተስፋ ስለሚቆርጥ ነው፤ ታዲያ ባለቤቱ ገንዘቡ መውደቁን ገና ያላወቀ እንደሆነስ ተስፋ እንደቆረጠ ይቆጠራል ወይ በሚለው ላይ አባዬና ራቫ የሚባሉት ሊቃውንት ይከራከራሉ። ባለፈው እሑድ የአባዬን ሐሳብ ደግፌ ረጅም ነገር ተናገርኩ። ባልንጀራዬ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ «ሦስት ተቃውሞ አለኝ» አሉ። ሁለቱን መለስኩ። ሦስተኛውን ለመመለስ እስከ እሑድ ጊዜ ሰጥተውኛል፤ ራሺን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ቶሳፎትን ገና አልጨረስኩም።